ጤና አዳም ነው ብል ማን ያምነኛል

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሜሪላንድ ግዛት 21 ዓመት የሞላው ሰው በቤቱ ካናቢስ ማብቀል ተፈቅዶለታል። በአንድ ቤት ከሁለት እግር አይበልጥ እንጂ፣ ከመንገድ አይታይ እንጂ፣ ተከራይ ከሆነም አከራዩ ይፍቀድለት እንጂ፣ ጠያቂ የለበትም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ፣ ቤዝመንት ውስጥ የማበቅለው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረትና ቃሪያ ነው። ለእነዚህ ቁጥር የወሰነ ሕግ የለም፤ ቦታው ካለኝ መቶ እግር ብተክል መብቴ ነው። የጎደለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚያምነኝ ሰው።

የማያምኑኝ ክፉ አሳቢ ሆነው አይደለም፤ ዕቃውን አይተው ነው። በዚህ አገር ቤት ውስጥ ተክል ለማብቀል የሚሸጠው መብራት፣ ድንኳን፣ ማራገቢያና መለኪያ አብዛኛው የተሻሻለው ለአንድ ተክል ሲባል ነው። ካናቢስ በየግዛቱ በተከለከለበት ዘመን ሰዎቹ ምድር ቤት ወርደው፣ መስኮት ደፍነው፣ ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ፀሐይን በኮረንቲ ተኩ፤ ነፋስን በቱቦ ሳቡ፤ ሽታን በከሰል ዋጡ። እኛ ንጹሐን የቃሪያ ወዳጆች ዛሬ የድካማቸውን ፍሬ በርካሽ እንገዛለን። ስማቸውን ደግሞ በነጻ እንወርሳለን።

«ለምን ደጅ አትተክልም?» የሚሉኝ አሉ። ሙቀቱ ሲመጣማ እተክላለሁ። ግን በሶብላ የመጀመሪያው አመዳይ በጣለበት ሌሊት ደጅ ካደረ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ጤና አዳም ትንሽ ይታገሳል፤ በእኔ ግቢ ጃንዋሪን የተሻገረ ግን አላየሁም። ከብርዱ ይልቅ የከፋው የቀኑ ማጠር ነው። አዲስ አበባ ላይ ከዓመት እስከ ዓመት ቀኑ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ እዚህ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ቆይታ ትሄዳለች፤ እሱንም ደመና ካልጋረዳት ነው።

መስኮት ዳር ማስቀመጥስ? እዚህ ላይ የሚያታልለን ዓይናችን ነው። በጠራ ቀን ደጅ ያለው ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል፤ ማታ አምፖል በርቶበት «ደምቋል» የምንለው ሳሎን ብዙውን ጊዜ ከ500 አያልፍም። ዓይን ብሌኑን እየከፈተና እየዘጋ ልዩነቱን ያቻችለዋል፤ ቅጠል ግን ብሌን የለውም። ስለዚህ በብርድ ወራት መስኮት ዳር የተቀመጠ ቃሪያ፣ ኤምባሲ በር ላይ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን አስግጎ፣ ቀጥኖና ገርጥቶ ወደ መስታወቱ ያዘነብላል። ፍሬ የሚባል ነገር አያሳይም።

እንግዲህ መብራት ያስፈልጋል። መብራቱ ያለው ደግሞ ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው፣ ያለ አፈር ተክል የማብቀያ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ ነው።

እንዲህ ያለ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚታዘበው የሻጮቹን ጨዋነት ነው። ማንም ምን ልትተክል ነው ብሎ አያፋጥጥም። በክልከላው ዘመን ደንበኛው ሁሉ «ለቲማቲም ነው» እያለ ይገባ ነበር፤ ሻጩም «ቲማቲም እኮ ብርሃን ይወዳል» እያለ ይሸኘው ነበር። ከመካከላቸው የእውነት ቲማቲም የሚተክል አንድ ምስኪን ገብቶ ቢሆን ማን ይለየው ነበር? የእኔም ዕጣ ይኸው ሆነ። ጺሙን ያጎፈረ ወጣት ሻጭ ቀረበኝ።

«ቅጠላ ቅጠል ነው» አልኩት፤ እውነቱን ነው የነገርኩት።

«ገባኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ቡና ውስጥ የሚገባ ነው።»

«ቡና ውስጥ! ይኼንን አልሰማሁም ነበር።»

«ለሆድ ቁርጠትም ፍቱን ነው። ልጅ ሆነን እናታችን ናት የምትሰጠን።»

ሻጩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እናታችሁ ከዘመኗ የቀደመች ሴት ናት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ በዚያው መንገድ ሄደ። ዘሩ ሴት ነው ወይ አለኝ። ካናቢስ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ የሚበቅል ተክል ነው፤ የሚፈለገው የሴቷ አበባ ነው፤ ወንድ አጠገቧ ካለ ዘር ትይዝና አበባዋ ይረክሳል። ስለዚህ አብቃዮች ወንዱን ገና ሲለዩት ነቅለው ይጥሉታል፤ አሁን አሁንማ ሴት ብቻ እንዲያወጣ ተደርጎ የተዘጋጀ ዘር ይሸጣል። የእኔዎቹ አበባቸው ወንድም ሴትም አንድ ላይ የያዘ፣ በጋብቻ ጉዳይ ሰው የማያስቸግሩ ናቸው። ቀጥሎ መብራቱን በቀን 18 ሰዓት አብርቼ፣ ሲያድግልኝ ወደ 12 ሰዓት እንዳወርደው መከረኝ። ይኼም ምክንያት አለው። ካናቢስ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ አብቃዩ ታይመሩን ቀንሶ መጸው ደረሰ ብሎ ይዋሸዋል፤ ተክሉም አምኖ ያብባል። ቃሪያ እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። ሙቀትና ብርሃን ካገኘ ቀን አይቆጥርም። እኔ ሁሉንም 16 ሰዓት አበራላቸዋለሁ፤ ሌሊት ደግሞ እንደ ማንኛውም ፍጡር ይተኛሉ።

በመደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ጠርሙስ ግን አልነካሁትም። ለሥር፣ ለቅጠል፣ ለአበባ፣ አበባው ላይ ለሚጨመር፣ በመጨረሻም ቀድሞ የተጨመረውን ሁሉ ለማጠብ የሚሆን አለ። ጤና አዳም ድንጋያማ መሬት የለመደ ተክል ነው፤ ብታቀማጥለው ይበሳጫል። ቃሪያም ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉን አንዠርግጎ ፍሬውን ይረሳል።

ስለ መብራቱ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነውና። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «1000 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ቤት ወስደህ ሶኬቱ ላይ የዋት መለኪያ ሰክተህ ስታየው የሚስበው 100 ዋት ነው። የቀረው 900 የት ሄደ? ሻጮቹ «አቻ ማለታችን ነው» ይላሉ፤ የድሮውን መብራት 1000 ዋት ይተካል ለማለት። አይተካም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሏል ይኼ ነው። እኔ ቁጥሩን ትቼ ከሶኬቱ የሚስበውን እውነተኛ ዋት ነው የምጠይቀው፤ ያንን የማይናገር ሳጥን ዋጋው ምንም ቢረክስ አላነሣውም። ለቅጠላ ቅጠልና ለጥቂት እግር ቃሪያ፣ ወርዱ 60 ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ድንኳን 150 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ አንዱ በ18 ሳንቲም ቢታሰብ 13 ዶላር። ይኼንን ስሌት ለባለቤቴ በኩራት ሳቀርብላት፣ በ13 ዶላር ስንት እስር ጤና አዳም እንደሚገዛ በቃሏ አስልታ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዋት ቤት ውስጥ አላነሣም።

ሌላው የመብራት ጣጣ ቀለሙ ነው። ቅጠል አጥብቆ የሚስበው ሰማያዊና ቀይ ብርሃን ነው ተብሎ የመጀመሪያዎቹ የተክል ኤልኢዲ መብራቶች በእነዚሁ በሁለቱ ብቻ ተሠሩ። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ሐምራዊ ይወጣል። ኋላ አረንጓዴውም ወደ ቅጠሉ ጥልቅ ገብቶ እንደሚሠራ ሲታመን ነጩ ኤልኢዲ ገበያውን ያዘ፤ ርካሹ ሐምራዊ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል። የባለቤቴ አጎት በስጦታ ያመጡልን እሱን ነበር፤ እምቢ ማለት ነውር ነውና ሰቀልነው። ከምድር በታች ያለች ጠባብ መስኮታችን ማታ ማታ ሐምራዊ ሆና ታበራ ጀመር። ከቅዳሴ ሲመለሱ በደጃችን የሚያልፉ ጎረቤቶቻችን ሰላምታቸው አጠረ። አንድ ሽማግሌ ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርተው «ባልሽ ሥራው እንዴት ነው? ተቸገረ እንዴ?» ብለው ጠየቋት። ይኼ ሁሉ ሲሆን መብራቱን ያመጡት አጎቷ እዚያው ቆመው ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

በነገራችን ላይ ከመንገድ ሆኖ የሰው ቤት መብራት መመርመር እዚህ አገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኦሪገን ውስጥ ፍሎረንስ በምትባል ከተማ የፌደራል መርማሪዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ዳኒ ካይሎ የተባለ ሰው ቤት ላይ ሙቀት የሚያይ መሣሪያ ደገኑ። የያኔው መብራት ሃላይድ የሚባለው ነው፤ ምድጃ በለው። የጋራዡ ጣሪያና አንድ ግድግዳ ከቀረው ቤት ይልቅ ግሎ ታየ። በዚያ መነሻ ቤቱ ሲፈተሽ ከመቶ በላይ የካናቢስ እግር ተገኘ። ክርክሩ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ የሰው ቤት ሙቀት በመሣሪያ መለካት አይቻልም አለ። ውሳኔውን የጻፉት በወግ አጥባቂነታቸው የሚታወቁት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ነበሩ። ያ ፍርድ እኔንም ይጠብቀኛል። መሣሪያ የማያስፈልጋቸው፣ በዓይናቸው ብቻ የሚያዩ የሰንበቴ ሽማግሌዎችን ግን አይከለክልም።

ለዚህ መድኃኒቱ ድንኳን ነው። ውስጡ በሚያብረቀርቅ ጨርቅ የተለበጠ፣ ዚፕ ያለው፣ ብርሃን የማያስወጣ። ብርሃኑ ከግድግዳው እየነጠረ ወደ ቅጠሉ ስለሚመለስ መብራቱ አይባክንም፤ ጎረቤትም ይተኛል። ከላይ በኩል አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠማል፤ ከማራገቢያው በፊት የከሰል ማጣሪያ ይሰቀላል። ማጣሪያው የካናቢስን ሽታ ለመዋጥ የተሠራ ነው። ጤና አዳም ሽታው ከዚያ ይብሳል የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን የናፍቆት ሽታ ስለሆነ ማጣሪያው አልተሰቀለም። ባለቤቴ ግን ጠቃሚነቱ ወዲያው ገባት። ቅቤ በሚነጠርበትና ሽንኩርት በሚቁላላበት ቀን ማጣሪያውን ከነማራገቢያው ወደ ወጥ ቤት ታወጣዋለች። እኔ እስከማውቀው ድረስ በዚያ ዕቃ ላይ የወጣው ገንዘብ የተመለሰው በዚህ ብቻ ነው።

ዕቃው ተሟላ፤ እንክብካቤው ቀረ። እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ ገባ። ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ነው፤ በየአፈሩ ላይ የእርጥበት መለኪያ ተከለ፤ ስልኩ ላይ አፕ ጫነ፤ አፑ በነገረው ሰዓት ውኃ ያጠጣል። አፑ ደግሞ የማያዝበት ቀን የለም። ብዙም ሳይቆይ ከአፈሩ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ይነሡ ጀመር። የእነዚህ ዝንቦች ዕጭ የሚኖረው ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ ነው፤ ሻጋታ ይበላል፤ ሲርበው የቀጭን ሥር ጫፍ ይቀጥፋል። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት የሚበሩትን ይይዛል። ዕጩን የሚገድለው ግን በቀለበት ቅርጽ ተጋግሮ ለትንኝ መከላከያ የሚሸጥ ባክቴሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ ኔጌቭ በረሃ የተገኘ፣ ለሰውም ለድመትም የማይጎዳ። እሱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠጣት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን አለማጠጣት ነው። መትከያውን በሁለት እጅ ብድግ ማድረግ፤ ከቀለለ ማጠጣት፣ ከከበደ መተው። የእህቴን ልጅ ይኼንን ሳሳየው «ይኼ እኮ ዳታ አይደለም» አለኝ።

አማቴ ከደብረ ብርሃን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ሁሉንም በየተራ እያሸተቱ አዩ። ጤና አዳሙን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቃሪያው ዘንድ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ቅጠሉ በነጭ ነጥብ ተበልቷል፤ ደርቆ ይንኮሻኮሻል።

«ልጄ፣ ይኼ ዓይን በልቶታል» አሉኝ።

«እማማ፣ ተባይ ነው። በዓይን አይታይም እንጂ።»

«እኔም እኮ ያልኩህ እሱን ነው፤ አይታይም።»

«እንግዲያው ጎኑ ጤና አዳም ቆሞለት እንዴት ዓይን ይበላዋል? ጤና አዳም ለዓይን አይደል የሚያዘው?»

አማቴ በአዘኔታ አዩኝ። «ጤና አዳም ለያዘው ሰው ነው እንጂ፣ ለጎረቤቱ ዘብ ይቆማል ያለህ ማነው?»

ማጉያ መነጽር አመጣሁ። ቅጠሉን ገልብጠን በጀርባው በኩል ስናይ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንሱ፣ የሚርመሰመሱ፣ ከጅማት እስከ ጅማት ድር የዘረጉ ፍጥረቶች ነበሩ። የሸረሪት ዘመድ የሆነው ይኼ ተባይ እዚህ አገር የቤት ውስጥ ተክል ሁሉ መቅሠፍት ነው። ደረቅ ሙቀት ይወዳል፤ በብርድ ወራት ማሞቂያ ሲበራ የቤቱ አየር ስለሚደርቅ ሠርግና ምላሽ ይሆንለታል። መርዝ አያስፈልግም፤ ቃሪያውን ከነመትከያው ወደ መታጠቢያ ቤት ወስዶ የቅጠሉን ጀርባ በሻወር አጥብቆ ማጠብ፣ ለዚሁ የሚሸጠውን ሳሙና መንፋት ነው። እንቁላሉ ስለማይሞት በየጥቂት ቀኑ መድገም ግድ ይላል። አማቴ አንድ በአንድ ሲመለከቱ ቆዩና መነጽሩን መለሱልኝ። «ያው ነው» አሉ፣ «እግር ያለው ዓይን ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጠቡን የያዙት እሳቸው ናቸው። በየጊዜው ከሻወሩ ስር ሲያጥቡት በሹክሹክታ የሚሉትን ነገር እኔ አልጠይቅም፤ ቃሪያው ግን አገግሟል።

ቃሪያ ካበበ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ደጅ ቢሆን ነፋሱና ንቡ ይወዘውዙት ነበር፤ ድንኳን ውስጥ ግን አበባው ዝም ብሎ ይረግፋል። ብዙ ሰው የሚያደርገው በኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሽ የአበባውን አንገት ነካ ማድረግ ነው፤ ብሩሹ ሲንቀጠቀጥ ዱቄቱ ይራገፋል። ይኼንን የምሠራው ማታ ከሥራ ስመለስ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ስልክ ስታወራ «እሱማ ቤዝመንት ወርዶ የቃሪያውን ጥርስ ያጥባል» ስትል ሰምቻታለሁ።

አንድ የማያስቅ ነገር ላንሣ። የአክስቴ ልጅ ግሪን ካርድ አለው፤ ዜግነት አመልክቶ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃል። እሱ ቤዝመንታችን አይወርድም። «ጤና አዳም ነው እኮ፤ ና እይ» ብለው «አላይም፤ ሲጠይቁኝ አላየሁም እንድል ነው» አለኝ። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ማሪዋና በግዛቱ ሕግ ቢፈቀድም በፌደራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ የዜግነት ጉዳይ ደግሞ የፌደራል ነው። የዜግነትና ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ የፈቀደውም ቢሆን ማሪዋና መያዝ ወይም ማብቀል ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ጎረቤቴ ያለ ሐሳብ ሁለቱን እግር ሲተክል፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓይነት ቤት የሚኖር የእኛ ልጅ ለአንድ እግር ወረቀቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ አልቀልድበትም። ጤና አዳሙን በላስቲክ ቋጥሬ ከላይ ከሳሎን እሰጠዋለሁ፤ እሱም ከቡና ስኒው ውስጥ ሲያገባው ምንጩን አይጠይቅም።

በሶብላ ሲደርስ ነው ነገሩ የከረረው። አሜሪካኖች የበሶብላን ዘመድ ለቅጠሉ ብለው ስለሚተክሉት አበባውን ገና ሲያወጣ ይቀነጥሱታል፤ መመሪያውም ሁሉ እንዲያ ይላል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ራሱን ነው፤ አበባው ዘር ይዞ፣ ደርቆ፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የሚገባውን። ስለዚህ እስኪያፈራ ትቼው ከነግንዱ ቆረጥኩት። ማድረቂያው ቦታ የት ይሁን ሲባል አማቴ ያለማመንታት ድንኳኑን አሳዩ። መብራቱ ጠፋ፤ ማራገቢያው በቀስታ ተከፈተ፤ እሳቸው በገመድ አሥረው በሶብላውን ራሱን ቁልቁል አድርገው በረድፍ ሰቀሉት። ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ ዝግ ያለ ነፋስ፤ ካናቢስ አድራቂዎችም የሚያደርጉት ልክ ይኼንኑ ነው፤ ፈጥኖ የደረቀ ነገር መዓዛው ይበናል። አማቴ ይኼንን ከማንም አልተማሩም። ዞሬ ሳየው ግን ድንኳኑ ጋዜጣ ላይ «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ተብሎ የሚወጣውን ፎቶ ቁርጥ ሆኗል።

በማግሥቱ የቤቱ ማሞቂያ ተበላሸ። ማሞቂያው ያለው ቤዝመንት ነው። ጠጋኙ ሽበት ያለው ጸጉሩን ከኋላ ያሰረ፣ ጉልበቱ የሚንኮሻኮሽ ነጭ አሜሪካዊ ነበር። ሣጥኑን አስቀምጦ ጎንበስ ሲል በተከፈተው ዚፕ በኩል ድንኳኑን አየ። ምንም አላለም። ሥራውን ጨረሰ፤ እጁን ጠረገ፤ ከዚያ አላስችል ብሎት ወደ ድንኳኑ ጠጋ አለና አንዱን ራስ በጣቱ ፈተለው። ዘሩ ረገፈ። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ላይ የነበረው ወቀሳ ሳይሆን ሐዘን ነው።

«ወንዱን ቶሎ አላወጣኸውም» አለኝ። «ይኼው ዘር በዘር ሆኖ ተበላሸ።»

አማቴ ከደረጃው ላይ ሆነው «ምን ይላል?» አሉ።

«ዘር በዝቶበታል ይላል፣ እማማ።»

«ታዲያስ! ዘር ያልያዘ በሶብላ ምን ሊሆን ነው? ሰውዬው ወጥ ሠርቶ አያውቅም?» ወርደው መጡና ሁለት ራስ በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫው ስር አቀረቡለት። ጠጋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ሳበ። ሊናሉል የሚባለው መዓዛ በካናቢስም ውስጥ በበሶብላም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ አፍንጫው ጭራሽ አልዋሸውም። በወጣትነቱ ኦሪገን ሳለ የሚያውቀው አንድ ዝርያ ትዝ እንዳለው ነገረን፤ ስሙንም ጠራው፤ አማቴ ፊት አልተረጎምኩትም።

«እንዴት ነው የምትወስዱት?» ብሎ ጠየቀ።

ተረጎምኩላቸው። «በሽሮ» አሉ አማቴ። ከዚያም ይኼ ሰው በባዶ ሆዱ አይሄድም ብለው ወደ ላይ ወሰዱት። ባለቤቴ ሽሮውን አቀረበች፤ ሰውዬው እንጀራውን እየቆረሰ፣ በየጉርሻው ቆም እያለ፣ የሆነ ነገር መጥቶ እስኪይዘው ይጠብቅ ነበር። ምንም አልያዘውም። ሁለተኛ ሰሃን ግን ጠየቀ። ሲሄድ አማቴ አንድ እፍኝ በሶብላ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት፤ እሱም ግራና ቀኝ አይቶ የሥራ ልብሱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። የማሞቂያውን ሒሳብ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሰልኝም።